ደረቱን ለድምፁ የሰጠ የሌሊት ወፍ

በጋቦን፣ በኢቪንዶ ወንዝ ዳርቻ፣ ዝናቡ በሚያባራባቸው ወራት ጀንበር ስትጠልቅ ከቅጠሉ መሃል ጩኸት ይነሣል። ድምፁን የሰማ ሰው ግዙፍ እንቁራሪቶች መስለውት ቢያዳምጥ አይገርምም። ጯሂዎቹ ግን ባለመዶሻ ራስ የተባሉት ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ናቸው፤ የሚጮኹትም ወንዶቹ ብቻ።

ይህ ዝርያ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች አንሥቶ በኮንጎ ተፋሰስ አልፎ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይገኛል። በአፍሪካ ዋና ምድር በግዝፈት የሚስተካከለው የሌሊት ወፍ የለም። ወንዱ 420 ግራም ገደማ ሲመዝን ሴቷ የዚያን ግማሽ ብዙም አታልፍም። የሴቷ ፊት ቀበሮ ቢጤ ነው፤ ዐይኗ ትልቅ፣ አፍንጫዋ ሾጣጣ። የወንዱ አፍንጫ ግን አብጦ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ከንፈሩም ተንዘርፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ዝርያ ልጆች መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ከውስጥ ያለው ነው። የወንዱ ማንቁርት ርዝመቱ የጀርባ አጥንቱን ግማሽ ያህላል። ደረቱን ሞልቶ ልብንና ሳንባን ወደ ኋላና ወደ ጎን ገፍቷቸዋል። አንድ እንስሳ የመተንፈሻውን ቦታ ሳይቀር ለድምፁ ሲያስረክብ፣ በምላሹ የሚያገኘው ነገር ቀላል ሊሆን አይችልም።

ምላሹ ምን እንደሆነ በዝርዝር ያሳየው ጃክ ብራድበሪ የተባለ ተመራማሪ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጥናት ነው። ወንዶቹ ከ25 እስከ 130 ሆነው፣ 10 ሜትር ያህል እየተራራቁ በወንዝ ዳር ዛፎች ላይ ይንጠለጠላሉ። ክንፋቸውን እያርገበገቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይጮኻሉ። ሴቶቹ በመካከላቸው እየበረሩ ያማርጣሉ። አንዷ ከፊቱ ስታንዣብብ ወንዱ ጩኸቱን ያፋጥናል፤ ካልጣማት ትታው ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ምርጫው ጨካኝ ነው፦ በአንድ የመራቢያ ወቅት 6 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ከተፈጸመው ስሪያ 79 በመቶውን ወስደዋል። የተቀሩት ለተረፈው ጥቂት ይጮኻሉ። እኔ ያንን ያበጠ አፍንጫ አስቀያሚ ለማለት የማልደፍረው ለዚህ ነው፤ ሴቶቹ በብዙ ትውልድ ምርጫቸው የቀረጹት ነውና።

ምግባቸው በዋናነት የሾላ ዘመዶች የሆኑ የደን ፍሬዎች ሲሆን፣ ማንጎና ሙዝም ይቀምሳሉ። ፍሬውን የሚያገኙት በዐይናቸውና በማሽተት ነው። ሴቶቹና ግልገሎቹ በአቅራቢያ የተገኘውን ሲለቃቅሙ ወንዶቹ ፍሬ የበዛበት ዛፍ ፍለጋ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ፤ በሚሄዱበትም ሁሉ የደኑን ዘር ይበትናሉ።

ከስሪያ በኋላ ወንዱ ድርሻው አብቅቷል። ልጅ ማሳደጉ የእናት ብቻ ነው። ሴቷ በ6 ወሯ ለመውለድ ስትደርስ ወንዱ ያን ራስና ያን ማንቁርት አሳድጎ እስኪጨርስ 18 ወር ይፈጅበታል።