ታይታን 2፦ ባለ ኪቦርዱ ስማርት ስልክ ለዳሪሙ ምን ይዞ መጣ?

ስማርት ስልክ ሲባል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መስታወት የሆነ ነገር ማሰብ ከለመድን ቆይተናል። ታይታን 2 ከዚህ ልማድ የወጣ ስልክ ነው። ከስክሪኑ ሥር ጣት ሲያርፍባቸው ገባ ብለው የሚመለሱ፣ በጨለማም የሚበሩ እውነተኛ የፊደል ቁልፎች ተደርድረውበታል። የሠራው ዩኒኸርትዝ የተባለ፣ መቀመጫው ሻንጋይ የሆነ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በኪክስታርተር በኩል ከገዢዎች አስቀድሞ ገንዘብ እየሰበሰበ አስተዋወቀው። ቀድመው ለከፈሉ 269፣ በመደበኛ ዋጋው ደግሞ 399 የአሜሪካ ዶላር ተተመነለት።

በሌላው ዓለም ይህ ስልክ የሚያስወራው ስለ ድሮ ስልኮች ናፍቆት ነው። በኢሉ አባ ቦራ ዞን፣ በዳሪሙ ወረዳ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የዳሪሙ ሰው ቀን ስለ ቡና ዋጋ በአፋን ኦሮሞ ሲጻጻፍ ውሎ፣ ማታ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ በአማርኛ መልእክት ይልካል። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ዝናብ አይለየውም። ለእርሱ ኪቦርዱ ምን ይጠቅመዋል? ስልኩን በእጄ ይዤ ያየሁት በዚህ ጥያቄ ነው። መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ ቁልፎቹ ለዚህ አገር ኑሮ ይስማማሉ፤ ፊደላችንን የሚያስተናግደውን ሶፍትዌር ግን ገዢው ራሱ ፈልጎ ማሟላት አለበት።

ሲይዙት

መጀመሪያ የሚሰማው ክብደቱ ነው፤ 235 ግራም ይመዝናል። ወርዱም ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ በአንድ እጅ ይዞ በዚያው እጅ መጻፍ ያስቸግራል። በሁለት እጅ ሲይዙት ግን ሁለቱ አውራ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ በትክክል ያርፋሉ፤ ስፋቱም የተመረጠው ለዚሁ ነው።

ስክሪኑ 4.5 ኢንች፣ ቁመቱና ወርዱ እኩል ነው። ብላክቤሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ፓስፖርት በተባለው ስልኩ ያወጣውን ቅርጽና መጠን ይዞ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ስክሪን ለደብዳቤ፣ ለሰነድና ለሒሳብ ሠንጠረዥ ይመቻል። ለቪዲዮ ግን አይሆንም። የተለመደው ሰፊ ቪዲዮ ሲከፈት ከስክሪኑ ከአምስት ሁለት እጅ የሚበልጠው ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስልክን በዋናነት ለቲክቶክና ለዩቲዩብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አይጎዳም።

ውስጡ አንድሮይድ 15 ነው። 12 ጊጋባይት ራም፣ 512 ጊጋባይት ማከማቻና 5050 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው። ከጀርባው ሰዓትና መልእክት የሚታይበት ሁለተኛ ትንሽ ስክሪን ተጨምሮለታል። የቁልፎቹ ገጽ ጣት ሲንሸራተትበትም ስለሚሰማ፣ መስታወቱን ሳይነኩ በኪቦርዱ ላይ ጣት በመጎተት ብቻ ረጅም ጽሑፍን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ይቻላል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ሲያነቡ ስክሪኑ በጣት እንዳይሸፈን ያደርጋል።

ቁልፍ በዝናብ አገር

የኢሉ አባ ቦራ ደጋ ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚያው ባለችው በጎሬ ከተማ የሚዘንበው የዓመት ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በዚህ አየር የመስታወት ስልክ የሚያስቸግርበት ምክንያት ግልጽ ነው። የንክኪ ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በመስታወቱ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት ጣት ሲጠጋው ስለሚለወጥ ነው። ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ጠብታ ሲያርፍበት ስክሪኑ ጣትና ጠብታን መለየት ያቅተዋል። ያልተነካ ፊደል ይጻፋል፤ የተነካው ደግሞ ይቀራል።

ቁልፍ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችው ትንሽ ጉልላት ስትጫን ትጎብጥና ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ታገናኛለች። ጣቱ ይርጠብ፣ ይድረቅ፣ ጭቃ ወይም የቡና ለፋጭ ይኑርበት፣ መስመሩ ይገናኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና ሲለቀም የዋለ እጅ ምን ያህል እንደሚጣበቅ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ይረዳዋል። ባለ በተን ስልኮች በገጠር እስከ ዛሬ የሚወደዱት ባትሪያቸው ስለሚቆይና ዋጋቸው ስለሚቀንስ ብቻ አይደለም፤ እጅ ያዘዛቸውን ሳያሳስቱ ስለሚፈጽሙም ነው። ቴሌብርን በ*127# የሚጠቀም ሰው ገንዘብ ሲልክ እያንዳንዷን ቁጥር በጣቱ አረጋግጦ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የመጀመሪያው ታይታን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ውሃና አቧራ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነበር። ታይታን 2 ያንን ዋስትና ይዞ አልመጣም። እርጥብ ጣት አያስቸግረውም ማለት ዝናብ ላይ ይተዋል ማለት አይደለም።

ቁልፉ ለምን ጠፋ?

ኪቦርድ ያለውን ስልክ ለዓለም ያስለመደው የካናዳው ብላክቤሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 መልእክት መቀበያ መሣሪያዎቹን ካወጣ በኋላ ለዓመታት የቢሮ ሰዎችና የባለ ሥልጣናት ስልክ ሆኖ ቆየ። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ ሐሳቡን ገለበጠው። ኪቦርድ ስክሪን ላይ ከተሳለ፣ በማይፈለግበት ጊዜ ተሰውሮ ቦታውን ለሥዕልና ለቪዲዮ መልቀቅ ይችላል። ገበያው ወደዚያ ሄደ፤ የብላክቤሪ የቀድሞ ስልኮች አገልግሎትም እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 ተቋረጠ።

በስክሪን ላይ የተሳለው ኪቦርድ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥቶናል፤ ቅርጹን መቀያየር ይችላል። ለላቲን፣ ለዐረብኛ፣ ለግእዝ ፊደል በየተራ ይለወጣል። በፕላስቲክ የተቀረጸ ቁልፍ ግን አንድ ጊዜ የታተመበትን ፊደል ይዞ ይቀራል። በታይታን 2 ቁልፎች ላይ የታተመው ላቲን ነው።

ፊደላችን በላቲን ቁልፍ ላይ

ብዙ ፊደልን በጥቂት ቁልፍ የመጻፍ ፈተና አዲስ አይደለም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ‹ቧ› እና ‹ቷ› ያሉት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ቁጥር ነበር። ታይፕራይተር ሁሉንም የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መፍትሔው ፊደሉን መሠረትና ምልክት አድርጎ መክፈል ሆነ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ መሠረቱን ትመታለች፤ ቀጥላ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትጨምርበታለች። በአሮጌ የመንግሥት ደብዳቤዎች ላይ ፊደላቱ የተቀጣጠሉ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ እንደ ፍስሃ አጥላው እና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ወደ አዲሱ መሣሪያ ለማስገባት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ሳይቆራረጥ በሙሉ ቅርጹ ይቀመጣል፤ የማጣመሩን ሥራ ሶፍትዌር ወሰደው።

በስልክ ኪቦርድ ላይ የሚሠራውም ይኸው ስልት ነው። ‹ዳሪሙ› ብሎ ለመጻፍ ስድስት ቁልፎች ይጫናሉ፦ ዲ፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኤም፣ ዩ። ‹ዲ› ሲጫን ‹ድ› ይወጣል፤ ‹ኤ› ሲከተለው ‹ድ› ወደ ‹ዳ› ይለወጣል። ‹አር› ‹ር›ን ያመጣል፤ ‹አይ› ወደ ‹ሪ› ያዞረዋል። ‹ኤም› እና ‹ዩ› ‹ሙ›ን ይሰጣሉ። ‹ቲ› ብቻውን ‹ት› ሲሆን ከሺፍት ጋር ‹ጥ› ይሆናል፤ ‹ኤን› ‹ን›፣ ከሺፍት ጋር ‹ኝ› ነው። ሕጉ ጥቂት ስለሆነ እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ኪቦርዱ ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። በስክሪን ላይ በሚሳሉት በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ዓይን ፊደሉን ይፈልጋል፣ ጣት ይነካዋል፣ ከዚያ ዓይን እንደገና ከሰባቱ አንዱን ይመርጣል። በቁልፍ ሲጻፍ ግን ፍለጋው ይቀራል። ተነባቢ፣ ቀጥሎ አናባቢ፣ ተነባቢ፣ ቀጥሎ አናባቢ እያለ ጣት እንደ በገና ደርዳሪ ጣት ቦታውን ሳያይ ይሄዳል። ዓይን የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ላይ ይቆያል። በተጨማሪም በመስታወት ስልክ ላይ ኪቦርዱ የስክሪኑን ትልቅ ክፍል ሲሸፍን፣ እዚህ ሙሉው ስክሪን ለጽሑፉ ይቀራል። ረጅም ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ ሪፖርት ወይም ግጥም በስልኩ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከሶፍትዌሩ ወገን ነው። ቁልፍ ሲጫን ስልኩ የሚቀበለው የቁልፉን መለያ ብቻ ነው፤ ‹ዲ› እና ‹ኤ› ተገናኝተው ‹ዳ› እንዲሆኑ አንድ መተግበሪያ መሐል ገብቶ ማጣመር አለበት። ለስክሪን ንክኪ ብቻ የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ ከአካላዊ ቁልፍ የሚመጣውን ምልክት ካላዳመጠ፣ የሚወጣው ላቲን ብቻ ይሆናል። ኪይማንን የመሰሉ ነጻ መተግበሪያዎች በዚህ የማጣመር ሕግ የሚሠሩ የአማርኛ ኪቦርዶችን ይዘዋል። ገዢው ጭኖ፣ ቅንብሩን አስተካክሎ፣ በሚጠቀምባቸው መተግበሪያዎች ሁሉ እንደሚሠራ መሞከር አለበት።

ቁቤና ሁዳ

ከዚሁ ዞን ከሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበትን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲያሳትም የተጠቀመው በግእዝ ፊደል ነበር። ዛሬ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በ1984 ዓ.ም. በተመረጠው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። እናም የታይታን 2 ቁልፎች ለአማርኛ የሚጠይቁትን ማጣመር ለአፋን ኦሮሞ አይጠይቁም፤ ከካርቶኑ ሲወጣ መጻፍ ይጀምራል። ቁቤ ረጅም አናባቢንና ጠብቆ የሚነበብ ተነባቢን የሚያመለክተው ፊደሉን በመድገም ነው። ሁለት ጊዜ መጫንን በጣት ስሜት ማረጋገጥ ደግሞ ለቁልፍ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር ያሰኛል። ሁዳ፣ በሁለት ድምፆች መካከል የምትገባው ያቺ ትንሽ ምልክት፣ በቁቤ የፊደልን ሥራ ትሠራለች። በእንግሊዝኛ ግን ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነች፣ በእንዲህ ያሉ ጠባብ ኪቦርዶች ላይ በሌላ ቁልፍ ላይ ተደርባ ነው የምትገኘው፤ እርሷን ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፊደል አራሚው ሳይጠፋ ከቀረም የኦሮምኛውን ቃል ስሕተት መስሎት ይለውጠዋል። ስልኩ እጅ እንደገባ መጀመሪያ መጥፋት ያለበት እርሱ ነው።

ሁዳ በመልእክት ዋጋም ላይ ትገባለች። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በመደበኛው የላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ የግእዝ ፊደል ሲገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ‹ዳሪሙ› በግእዝ ሦስት፣ በላቲን ስድስት ቦታ ቢይዝና ልዩነቱ ከቁጥሩ የጠበበ ቢሆንም። ቀጥ ያለችው ሁዳ በ160ው ውስጥ ትቆጠራለች፤ አንዳንድ መጻፊያዎች በራሳቸው የሚተኳት ቆልመም ያለችው ግን መላውን መልእክት ወደ 70 ታወርደዋለች። ለጽሑፍ መልእክት ቀጥ ያለችውን መምረጥ ይበጃል።

ለማን ይሆናል?

ስልኩ ቢሰበር መፍትሔው ሩቅ ነው። በዞኑ ዋና ከተማ በመቱ ያሉ ጠጋኞች በየቀኑ የሚያውቁት በብዛት የሚሸጡትን ስልኮች ነው፤ የዚህን ባለ እኩል ጎን ስክሪን መለዋወጫ ከመደርደሪያቸው ላይ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ መሸፈኛና የስክሪን መከላከያ አብሮ ማዘዝ የግድ ነው። ከዋጋውም ላይ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ይጨመራል።

ስልክን ለመጻፊያ የሚፈልግ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የማኅበር ጸሐፊ ወይም ነጋዴ ግን በታይታን 2 ይደሰታል፤ በእርጥብ እጅ የሚሠራ፣ በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ። እኔ ከመግዛቱ በፊት የምመክረው አንድ ፈተና ነው፦ የአማርኛ መጻፊያውን ጭኖ፣ በስልኩ ቁልፎች አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ አንድ ደግሞ ሁዳ ያለበት በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ሁለቱም ሳያደናቅፉ ከወጡ ገንዘቡ ባከነ አይባልም።

የቀረው ሥራ የእኛ ነው። የግእዝ ፊደል የታተመበት ቁልፍና ሁዳን በአንድ ጫና የሚያወጣ ቅንብር ሻንጋይ ላለ ኩባንያ ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ግን ካልጠየቅን ማንም አያስብልንም። አስመጪዎች ሲያዝዙ ይጠይቁ። በመቱ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የሚማሩ ወጣቶችም ሁለቱንም ቋንቋ ከአካላዊ ቁልፍ የሚቀበል መጻፊያ ለመሥራት ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ሁለቱም ቋንቋዎች በየዕለቱ ይጻፋሉና።