21 ዓመት ሳይሞላ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው መጠጥና የወላጁ ሁለት ልብ

በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ማውረዱ ብዙ ሲነገርለት፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን የከለከለበት ድንጋጌ ግን የዚያን ያህል ጆሮ አላገኘም። በሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ይመርጣል፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አካለ መጠን ስላደረሰ ማግባትና ውል መዋዋል ይችላል፤ የመጠጥ ሽያጭን የሚመለከተው ገደብ ግን ከዚህ በሦስት ዓመት ይርቃል። በሰባት ዓመቱ ትምህርት የጀመረና ክፍል ያልደገመ ልጅ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ19 ዓመቱ ገደማ በመሆኑ፣ «ፍሬሽ» የሚባለው የአንደኛ ዓመት ተማሪ በአብዛኛው፣ የሁለተኛ ዓመቱም በከፊል፣ በዚህ የሦስት ዓመት ክፍተት ውስጥ ሆኖ ከቤተሰቡ ርቆ ይኖራል። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ተማሪዎቹ «ጊቢ» በሚሉት የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ዙሪያ በሚገኙ መጠጥ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና በተማሪው ላይ ሲሆን፣ ልጁን አሳድጎ የላከው ወላጅ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

ወላጅ ልጁን ሲሸኝ የሚያስጠነቅቀው ስለ መጠጡ ብቻ ሳይሆን ስለሚጠጣበት ቦታና አብሮ ስለሚጠጣው ሰው ጭምር ነው። «አልባሌ ቦታ እንዳትውል»፣ «ከማይሆን ልጅ ጋር እንዳትገጥም»፣ «ጫት እንዳያስለምዱህ» የሚሉት ምክሮች በየቤቱ የታወቁ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል «ገና 21 ዓመት አልሞላህምና ሕግ አይፈቅድልህም» የሚል ማግኘት ይቸግራል። ወላጅ ምን ያስባል የሚለው ጥያቄ እዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲነሳ ያደረገው በምዝገባ ሰሞን በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የታየ ተራ ነገር ነው፤ ልጃቸውን ከሩቅ አገር ያመጡ አባት ፍራሹንና ሻንጣውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በሩ ፊት ለፊት ባለ ምግብ ቤት ጥብስ ካዘዙ በኋላ ሁለት ቢራ አስከፍተው አንዱን ለልጃቸው ገፋ አደረጉለት፣ ጠርሙሱም ሳይጋመስ መጠጥ ቤት ደጃፍ እንዳይረግጥ በእናቱ ስም አስማሉት። በአባትየው ዐይን እዚህ ውስጥ የሚጋጭ ነገር አልነበረም፤ ቢራው የምርቃት ምልክት ነው፣ መሐላው ደግሞ ስለ ስካርና ስለ ውርደት ነው።

የእንዲህ ያለውን አባት የደስታ መጠን ለመረዳት የፈተናውን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም ከተፈታኞቹ የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፈ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ ሕፃንነቱ በአንድ ቀን ስለሚያበቃ፣ ለእንኳን ደስ አለህ የተሰበሰበው ዘመድ ብርጭቆ ሲያነሳ ባለጉዳዩን ለስላሳ ይዞ እንዲቀመጥ የሚጠብቀው ጥቂት ነው።

ነገሩ ከዚያም በፊት ይጀምራል፤ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ልጅና መጠጥ የሚተዋወቁት በጓዳ ነውና። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ ታምሶ የተፈጨው እህል፣ ማለትም አሻሮው፣ ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ በውኃ ተሞልቶ ከሰነበተ በኋላ የመጀመሪያው ይጠለላል፣ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ደግሞ ቅራሪ ይባላል። ቅራሪ በብዙ ቤት ከውኃ እምብዛም ስለማይለይ ለልጅም ለሠራተኛም ይቀዳል። ማር በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚቀርበው ብርዝም የልጆችና አልኮል የማይቀምሱ እንግዶች ድርሻ ነው። እዚህ ድረስ ባህሉ ለልጅ የራሱን ጽዋ ለይቶ ሰጥቷል ማለት ይቻላል፣ ምናልባትም ከአዋጁ የበለጠ ረቂቅ ደረጃ ያለው ሥርዓት ነው፤ በአፄ ምኒልክ ግብር ላይ እንኳ ጠጁ ለሁሉም በአንድ ዓይነት አይቀዳም ነበር፣ እንደ ማዕረጉ ይለያይ ነበር እንጂ። ችግሩ ደረጃዎቹ ዛሬ መደበላለቃቸው ነው። «ፊልተር» የሚባለው ወፍራም ጠላ ከጠርሙስ ቢራ የማይተናነስ ሲሆን፣ ሁለት ጊዜ የተጣራው ዳግም አረቄ አልኮሉ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ «የቤት ነው፣ ምን ያደርገዋል» የምትለው አነጋገር ግን ከቅራሪ ተነሥታ ሁሉንም ትሸፍናለች።

በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት ከተማ ጠላና አረቄ እየሸጡ የሚተዳደሩና ተማሪዎቹ «ማዘር» የሚሏቸው ሴት ነገሩን ከማንም በተሻለ ያስረዱታል፤ ቤታቸው ከጊቢው ጀርባ ነው፣ የራሳቸው ልጅ ደግሞ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ለልጃቸው በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ የሰው ልጆች ከከፈሏቸው መሆኑን አይሸሽጉም፤ «የኔውም እዚያ አንዷን እንደኔ ያለችውን ያበላል» ይላሉ። መታወቂያ ጠይቀው አያውቁም፤ የሚጠይቁት ፈተና መቼ እንደሆነ ነው፣ ፈተናው ነገ የሆነበትን ልጅ ጣሳውን ነጥቀው ይሰዱታል። ሦስተኛውን ጣሳ ያለ ንፍሮ ወይም ያለ ቆሎ አይቀዱም፣ ማታ የወደቀ ካለ ለጓደኞቹ አስደግፈው እስከ በሩ ያደርሳሉ። ወላጆቻቸው ቢያዩ ምን ይላሉ ሲባሉ፣ «ምን ይላሉ፤ የሚመጡት ሲመረቅ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አባትየው ራሱ ከኔ ቤት ነው የሚገባው» ብለው ይስቃሉ። እኒህን ሴት ጥፋተኛ ብሎ ለመጻፍ ልብ የሚያገኝ ቢኖር፣ በዚያው ጎዳና ላይ በማን አለብኝነት ለታዳጊ ድራፍት የሚቀዱትን ትላልቅ ቤቶች አስቀድሞ ይጻፍ። ስለ መጠጥ ሽያጩ ቁጥጥር የተጠየቁ አንድ የሥራ ኃላፊ በበኩላቸው ጥያቄው በደብዳቤ እንዲቀርብ አዘዙ፤ ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ግን ስልካቸውን አላነሱም።

በዓለም ላይ አብዛኞቹ አገሮች ገደቡን በ18 ዓመት ሲያቆሙ በ21 የምትታወቀው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ የሚፈቅድ ክፍለ ግዛት ከፌዴራል የመንገድ በጀቱ እንዲቀነስበት ስላደረገ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ድረስ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ተቀበሉት፤ ከጀርባው የገፋፉት ደግሞ ልጆቻቸውን ሰክሮ በሚነዳ ሾፌር ያጡ እናቶች ነበሩ። የሆነ ሆኖ እዚያም ወላጅ ሁለት ልብ ነው፤ በዊስኮንሲን ከወላጁ ጋር የተቀመጠ ልጅ ቡና ቤት ውስጥ ሳይቀር መጠጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የትምህርት መረጃ ምስጢር ሕጉ ተሻሽሎ ዩኒቨርሲቲዎች 21 ዓመት ያልሞላው ተማሪ የአልኮል ደንብ ሲጥስ ለወላጁ እንዲያሳውቁ ተፈቀደላቸው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው። «ቤት ቢለምድ ውጭ አይሰክርም» የሚለው እምነት በሁለቱም አገር የተለመደ ቢሆንም ጥናት አልደገፈውም፤ በአውስትራሊያ 1,927 ታዳጊዎችን ለስድስት ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት መጠጥ ከወላጅ እጅ ማግኘት ከጉዳት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ አንዳች ማስረጃ አላገኘም።

እርግጥ ነው፣ ወላጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠላ ደጁን ረግጦ በማያውቅበት የሙስሊም ቤት፣ ወይም መጠጥ ከእምነት መውጣት ተደርጎ በሚቆጠርበት የፕሮቴስታንት ቤተሰብ፣ ልጁ ስለሚጠጣው መጠን የሚነሳ ክርክር የለም፤ ነገር ግን የእንዲህ ያለው ቤት ልጅ ሲጠጣ የሚሸሸገው ከፕሮክተሩ፣ ማለትም ከዶርም ተቆጣጣሪው፣ ብቻ ሳይሆን ከእናቱ ስልክም ስለሆነ፣ ችግር ሲገጥመው የሚደውልለት ሰው አይኖረውም።

የመጠጡ መዘዝ የታወቀ ነው፤ የተቋረጠ ትምህርት፣ ጠብ፣ በስካር ሰዓት የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት፣ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚወስድ ጥፋት። ወላጅ ከእነዚህ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ነው፣ ያውም ልጁ ከተባረረ በኋላ።

አዋጁ ያነጣጠረው በሻጩ ላይ ነው፤ ከጋን ቀድቶ ለገዛ ልጁ የሚሰጠውን ወላጅ ተቆጣጣሪ አይደርስበትም። በመጪው ምዝገባ ልጁን የሚሸኝ ወላጅ ከመሐላው በፊት 21 የሚለውን ቁጥር ለልጁ ይንገረው፣ የምርቃቱንም ቢራ እስከዚያ ያቆይለት፤ ሲቸግረውም ሳይፈራ የሚደውለው ለእርሱ መሆኑን ይጨምርለት።