ፍርድ ሳይሰጥ ይግባኝ፦ ራሱን የሚከላከል ተከሳሽ ሊያውቀው የሚገባ

በአሜሪካ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ያለ ጠበቃ ራሱን መከላከል እንደሚችል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በፋሬታ ጉዳይ ወስኗል። ጣጣው የሚመጣው መቃወሚያው ውድቅ ሲሆንበትና በንዴት ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሲሮጥ ነው። የሚከተለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አሠራር ይመለከታል።

ተረት፦ ዳኛው ከተሳሳተ ወዲያው ይግባኝ ይባላል።

እውነታ፦ ይግባኝ የሚፈቀደው ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ነው፤ በወንጀል መዝገብ ይህ የቅጣት ውሳኔው ነው። ማስረጃው ውድቅ ይደረግልኝ፣ ክሱ ይሰረዝልኝ ብሎ የተረታ ተከሳሽ እስከዚያ ይጠብቃል። በመሐል የሚሰሙት ጥቂት ናቸው፦ ዋስትናው በዛብኝ የሚል፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አልከሰስም የሚል፣ ያለ ፈቃዴ የአእምሮ መድኃኒት አልወስድም የሚል። እነዚህ መብቶች ፍርድ እስኪሰጥ ከተጠበቀ ከንቱ ይሆናሉ። ችሎቴ ተጓተተ የሚል ሰው ግን ከእነዚህ እንደማይመደብ እ.ኤ.አ. በ1978 በማክዶናልድ ጉዳይ ተወስኗል። ጊዜዬ አለቀ እያለ የሚጮኸውን ሰው ጠብቅ ማለት ለእኔ እስከ ዛሬ የሚከብድ ነው፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። አገር ቤት፣ በኢትዮጵያም፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 184፣ በቀጠሮ፣ በክስ መቃወሚያና በማስረጃ ተቀባይነት ላይ የሚሰጥ ትእዛዝ በመሐል ይግባኝ አይባልበትም ይላል።

ተረት፦ በመሐል ይግባኝ ማለት ባይሳካም አይጎዳም።

እውነታ፦ በጣም ይጎዳል። ክሱ ከቀረበ ወይም ተከሳሹ መጀመሪያ ችሎት ከቆመ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ችሎቱ በ70 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። በመሐል የቀረበ ይግባኝ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከ70ው አይቆጠርም። ዋስትና ተከልክሎ የታሰረ ሰው በገዛ አቤቱታው የእስር ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል።

ተረት፦ ይግባኙ ቢዘጋ ማንዴመስ አለ።

እውነታ፦ ማንዴመስ የበላይ ፍርድ ቤት የሥር ዳኛውን «ይህን ፈጽም» የሚልበት ልዩ ትእዛዝ ነው። ጠያቂው ሌላ መፍትሔ እንደሌለው፣ መብቱም ግልጽና የማያከራክር መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ይህም ተሟልቶ ፍርድ ቤቱ ተገቢ ነው ብሎ ማመን ይኖርበታል። ከፍርድ በኋላ የሚቀርበው ይግባኝ ራሱ «ሌላ መፍትሔ» ስለሚባል ብዙዎች እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። ዳኛው ተሳሳተ ማለት አይበቃም። በእጅ የተጻፈ አቤቱታ ከ30 ገጽ ማለፍ የለበትም፤ ቅጂውም ለዚያው ለሥር ዳኛ ይሰጣል። ፍርድ ቤቱ መንግሥትን መልስ ስጥ ሳይል ሊዘጋው ስለሚችል ዋናው ነጥብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ።

ጠበቃ ይዞ ጎን ለጎን በራስ እጅ ማመልከትም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

የሚበጀው መቃወሚያን ከነምክንያቱ በጽሑፍ አቅርቦ በመዝገብ ላይ ብይን ማሰጠት ነው፤ ከፍርድ በኋላ ይግባኙ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሊያምን ያሰበ ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት የይግባኝ መብቱ በጽሑፍ እንዲጠበቅለት ይጠይቅ። ይህ የዐቃቤ ሕግንም የዳኛውንም ፈቃድ ይሻል፤ ካልተጠየቀ ቀደም ብለው የተነሡት መቃወሚያዎች አብዛኞቹ በዚያ ፊርማ ይቀራሉ።