ለሸክላ ማንደጃ የሚሆን የእንጨት ጠረጴዛ

በብዙ ቤት የሸክላ ማንደጃ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። ወጥ የምትሠራው እናት አጎንብሳ ስታማስል ወገቧን ያማታል። ከዚህም የባሰ አለ። እየዳኸ የመጣ ሕፃን ፍሙን ይነካል። የሚሯሯጥ ልጅ ድስቱን ይደፋል። በእሳት ወይም በፈላ ወጥ የተቃጠለ ልጅ ቢድንም ጠባሳው አብሮት ያድጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እሳቱን ከመሬት ከፍ እናድርገው። ለዚህ የሚሆነውን ጠረጴዛ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን።

«እንጨት ይነድ የለም ወይ? እንዴት እሳት ይቀመጥበታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም አፈር ነው። በማንደጃውና በእንጨቱ መካከል አፈር ከገባ ሙቀቱ እንጨቱን አያገኘውም።

እንጨቱን መምረጥ

ዋንዛ ለጠረጴዛ ጥሩ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍም ይሆናል። ነገር ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ልጡን ልጠን፣ ጥላ ውስጥ አድርቀን ብንሠራበት ይሻላል።

ቁመቱን መለካት

ወጥ የምትሠራዋ ሴት ቀጥ ብላ ትቁም። ከመሬት እስከ ክርኗ 100 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከዚህ ላይ የማንደጃውን ቁመት 25፣ የድስቱን ቁመት 20 እንቀንስ። የድስቱ አፍ ከክርኗ ዝቅ እንዲል ደግሞ 10 እንቀንስ። የሚቀረው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። የጠረጴዛው ቁመት ከነአፈሩ ይህን ያህል ይሁን።

ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ማንደጃው መሐል ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ሰፊ ቦታ ይተርፋል። የልጅ እጅም ፍሙን ቶሎ አያገኘውም። ቢሆንም ልጆችን መጠበቅ አይቀርም።

አሠራሩ

አራቱ እግሮች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑራቸው። እግሮቹን ከላይም ከታችም በማገር አያይዘን በሚስማር እንምታ። በገመድ ማሰር አይበጅም፤ ገመድ ይላላል፣ እሳትም ይይዘዋል። ከላይ ሦስት ጠንካራ አግዳሚዎች አጋድመን ሳንቃውን በላያቸው እንደርድር። በሳንቃው ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል ክፈፍ እንምታ። በውስጡም 7 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ሞልተን እንደልድል። ይህ አፈር ብቻውን ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። እግሩና አግዳሚው ይወፍር ያልነውም ለዚህ ነው። የአፈሩን ፊት በጭቃ እንለስን፤ እስኪደርቅም እንጠብቅ። ማንደጃውን በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ብናስቀምጠው ከሥሩ አየር ያልፋል።

እግሮቹን መሬት ውስጥ አንቅበራቸው። እርጥበት ያበሰብሳቸዋል፣ ምስጥም ይበላቸዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እናቁማቸው። ጠረጴዛው የሚነቃነቅ ከሆነ ሳይስተካከል እሳት አይጫንበት።

መፈተን

ወጡ ሲበስል እጃችንን ከሳንቃው ሥር እናስጠጋ። ሳንቃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ አፈሩ አንሷልና እንጨምር። በየቀኑ የሚግል እንጨት ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ ውሎ አድሮም በትንሽ ሙቀት ይያያዛል።

ጥንቃቄ

ጠረጴዛው የሚቆመው ደጅ ነው፤ ከሣር ክዳንና ከጭድ ክምር ይራቅ። ነፋስ ፍንጣሪ ይወስዳልና። የሚያገለግለውም ለከሰል ማንደጃ ነው። ረጅም ማገዶ ለሚነድበት ምድጃ አይሆንም፤ ጉማጁ ተንሸራቶ ይወድቃል። ዝናብ መጣ ብለን የጋለ ከሰል ወደ ተዘጋ ቤት አናስገባ። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ይገድላል።

ከብት የምናስርበትን ጉረኖ የምናጥር ሰዎች፣ ልጆቻችን የሚውሉበትን ደጅ ከእሳት መጠበቅ አያቅተንም። የሚጠይቀን ጥቂት እንጨት፣ ጥቂት ሚስማርና የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄዎች

1. አፈሩ ለምን ያስፈልጋል?
2. እግሮቹ ድንጋይ ላይ የሚቆሙት ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቤት የጠረጴዛው ቁመት ስንት ሊሆን ይገባል? ለክታችሁ አስሉ።