ከማህፀን መውጣት ኦፕራሲዮን በኋላ ምን ይጠበቃል? ስንት ጊዜስ ማረፍ ያስፈልጋል?

«ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቋል» ሲባል ብዙ ቤተሰብ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስለዋል። ሴትየዋም ቤቷ በገባች በሳምንቱ ጄሪካን ታነሳለች፣ ምጣድ ትጥዳለች። ስፌቱ ያለው ውስጥ ስለሆነ ለሰው አይታይም፤ አለመዳኑም አይታወቅም።

የማህፀን መውጣት የሚባለው ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛን ወይም አንጀትን ደግፈው የያዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ አካላቱ ወደ ብልት መውረዳቸው ነው። ብዙ ጊዜ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ የዕድሜ መግፋትና ለዓመታት ከባድ ሸክም መሸከም ለዚህ ያጋልጣሉ። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው የላላውን በስፌት ያጠብቃል፤ አንዳንዴም ማህፀኑን ያወጣል።

👉 የመጀመሪያ ቀናት
ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ቀን ሆስፒታል ይቆያሉ። ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን በቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ሲነሳ ራሷ በደንብ መሽናት መቻሏ ይታያል።

👉 እስከ 6 ሳምንት
ትንሽ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። የስፌት ክር ቁርጥራጭም ሊወጣ ይችላል፤ ክሩ ሟሟቶ ስለሆነ አያስደነግጥም። ድካሙም ከተጠበቀው በላይ ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ መተኛት ጥሩ አይደለም፤ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ ቀስ እያሉ መራመድ ያስፈልጋል።

ግንኙነት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆማል። ይህን ለባልየውም በግልጽ መንገር ነው፤ ለሷ ብቻ ተነግሮ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

👉 ሸክምና ድርቀት
ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። እሱን ማንሳት፣ እንጨት መሸከም፣ ሕፃን ማዘል፣ ሁሉም ስፌቱን ወደ ታች ይገፋል። ቀላል የቤት ሥራ ቀስ በቀስ ይጀመራል፤ ከባዱ ግን እስከ 3 ወር ቢቆይ ይመረጣል። ሆድ ደርቆ ማማጥም እንደ ሸክም ነው። ስለዚህ ውሃ በደንብ መጠጣት፣ ጎመን፣ ቅንጬ፣ ፍራፍሬ ማዘውተር። የቆየ ሳልም ካለ መታከም አለበት።

👉 ኦፕራሲዮኑ የማይሰጠው ዋስትና
ወደ ታች የሚጎትተው፣ የሚወጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የሽንት ማምለጥ ግን ላይቆም ይችላል፤ ከዚያ በፊት ያልነበረባትም ሊጀምራት ይችላል። የወገብ ሕመም ከሌላ ምክንያት ከሆነ አይለቅም። ከታከሙ 100 ሴቶች ከ25 እስከ 30 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ችግሩ ከጊዜ በኋላ በዚያው ወይም በሌላ ቦታ ሊመለስ ይችላል።

ማህፀኗ ከወጣ የወር አበባም እርግዝናም አይኖርም። ገና መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሟ መናገር አለባት።

⚠️ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች፦
▪️ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
▪️ ብዙ ደም መፍሰስ
▪️ ሽንት እምቢ ማለት
▪️ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም
▪️ የአንድ እግር ማበጥና መታመም፣ የደረት ውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር

«እረፊ» ማለት ቀላል ነው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ፣ እንጀራ የሚጋግር ሌላ ሰው ከሌለ ግን ምክሩ ብቻውን አያሳርፋትም። ስለዚህ ባልም፣ ልጆችም፣ ጎረቤትም ከቀጠሮው ቀን በፊት ተነጋግረው አንድ ነገር ይወስኑ፦ ለ3 ወር ውሃውን የሚቀዳው ማነው?