የሳተላይት ቴሌቪዥን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት የሚያሠራጨው ሞገድ የአገሮችን ድንበር አያውቅም። ለግሪክ የታሰበው ሥርጭት በእንግሊዝ አገር ተስማሚ ዲሽ ለተከለም ይደርሳል። ድንበሩን የሚያሰምረው ምስጢራዊ ቁልፍ ነው።

ምስሉና ድምፁ ከመላካቸው በፊት በሒሳባዊ ስልት ይመሰጠራሉ። መፍቻው ቁልፍ በየጥቂት ሴኮንዱ ይለዋወጣል፤ ራሱም ተመስጥሮ ከሥርጭቱ ጋር ይላካል። እርሱን የሚፈታው በደንበኛው ዲኮደር ውስጥ ያለው ስማርት ካርድ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሥርዓት ባለቤት የመንደሩን ብቸኛ በር እንደያዘ ሰው ነው። ተፎካካሪ ጣቢያ ወይ እርሱን መለመን፣ ወይ ለየቤቱ ሌላ ዲኮደር ማደል ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ባለቤቱ ለሁሉም ጣቢያዎች ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና አድልዎ የሌለበት ውል እንዲያቀርብ፣ የዚህንም አገልግሎት ሒሳብ ለይቶ እንዲይዝ አስገደደ። በእኔ ግምት ዋናው ነገር ሒሳቡን መለየቱ ነው፤ አለዚያ የራሱን ጣቢያ ወጪ በተፎካካሪዎቹ ላይ ቢጭን በምን ይታወቃል?

ተመልካቹስ? በፖርትስመዝ ከተማ መጠጥ ቤት የነበራት ካረን መርፊ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን በግሪክ ካርድ በማሳየቷ ተቀጥታ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በሌላ አባል አገር በሕጋዊ መንገድ ለገበያ የቀረበን ካርድ ማስገባትና መጠቀምን መከልከል አገልግሎትን በነጻ ከመስጠት መርሕ ጋር ይጋጫል ሲል ወሰነ፤ በ2012ም ቅጣቷ ተሻረ። ይሁንና ነጻነቱ ሙሉ አልነበረም። በፍርዱ መሠረት ጨዋታው ራሱ የፈጠራ ሥራ አይደለም፤ አብሮት የሚተላለፈው የሊጉ መዝሙር ግን ነውና፣ እርሱን በመጠጥ ቤት ለማሰማት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።