«አንቺ ደንቆሮ» ያለቻት ማን ናት?

ሐዋሳ ላይ ለባጃጅ ነጂ «ባህል አዳራሽ» ብትሉት መልሶ ይጠይቃችኋል፦ አዳራሹ ጋ ነው ወይስ ክፍለ ከተማው ውስጥ ሌላ ቦታ? እኔ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ሰፈር አንድ ጀበና ቡና ቤት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አቦሉን እየጠበቅኩ ሳለ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱ ላይ ስኒ ስትደረድር አንዱ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣትም። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት እንዲያውም «አይዞሽ ልጄ፣ ዕቃ ነው፤ ይተካል» አሏት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን እየለቀመች፣ ሰው የሰማት ሳይመስላት፣ «አንቺ ደንቆሮ! ድሮስ ምን ይሆንልሻል?» አለች።

ልብ በሉ፤ «እኔ ደንቆሮ» አላለችም። «አንቺ» ነው ያለችው። አማርኛ ተናጋሪንና ሰሚን ማምታታት አይፈቅድም፤ ጾታ ሳይቀር ይለያል። ስብርባሪ ለቃሚዋ አንድ ሰው ብትሆንም በዚያች ቅጽበት ሁለት ነበሩ፦ አንዷ ትቆጣለች፣ ሌላዋ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «አንዱ ልቤ ሂድ ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ቅር ይለኛል» ስንል፣ «ከራሴ ጋር ተማክሬ እነግርሃለሁ» ስንል፣ «ሆዴ አልቆርጥ አለ» ስንል፣ በአንድ ሰው ውስጥ ብዙ እንደሚኖር ሳይንስ ሳይነግረን እየመሰከርን ነው።

ይህንኑ የዕለት ተዕለት አነጋገር ቁም ነገሬ ብሎ ሕክምና ያደረገው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሽዋርትዝ ነው። ሽዋርትዝ የሠለጠነው በቤተሰብ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ፣ ያለ ልክ በልተው መልሰው የሚያስታውኩ ወጣት ሴቶችን ያክም ነበር። በጊዜው የነበረው አስተሳሰብ የቤተሰቡ ግንኙነት ከተስተካከለ የልጅቷ ሕመምም ይለቃል የሚል ነው። ቤተሰቡ ተስተካከለ፤ ሕመሙ ግን አለቀቀም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሴቶቹ ስለ «አንዱ ክፍሌ» ያወሩለት ጀመር። አንዱ ክፍል ይሰድባቸዋል፤ ሌላው ስድቡን ሰምቶ በሐፍረት ይኮማተራል፤ ሦስተኛው ሐፍረቱን ለማደንዘዝ ወደ ምግቡ ይሮጣል። እናትና አባት፣ ልጅና አክስት እንደሚጨቃጨቁበት ቤት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቤቱ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህም ዘዴውን «ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ» አለው። የውስጥ ቤተሰብ ብንለው አይርቅም።

ሽዋርትዝ ራሱ ደጋግሞ የሚያነሳው ስሕተቱን ነው። ገላዋን በስለት የምትቆርጥ ታካሚ ነበረችው። አንድ ቀን ያንን ቆራጭ ክፍል ሲሟገት፣ ሲያስገድድ ዋለና፣ ሁለተኛ እንዳይነካት ቃል አስገብቶ ሸኛት። በሚቀጥለው ቀጠሮ በሩን ከፍታ ስትገባ ፊቷ ላይ ትልቅ ቁስል ነበር። እጁን ሰጠ፤ ላሸንፍህ አልችልም አለው ለዚያ ክፍል። የመጣው መልስ ግን ያልጠበቀው ነበር፦ እኔም ላሸንፍህ አልፈልግም። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «እንግዲያስ ለምንድን ነው የምታደርገው?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው። ክፍሉም ነገረው፤ ልጅቷ በልጅነቷ ጥቃት ሲደርስባት ሥቃዩን የምትረሳበት፣ ቁጣዋንም የምትደብቅበት መንገድ ይኸው ነበርና፣ አደጋው ካለፈ ከዓመታት በኋላም ሥራውን አልለቀቀም። ጨካኝ የመሰለው፣ አለቃው የሞተበትን ዘብ ይመስል ነበር።

ከዚህ ተነስቶ ሽዋርትዝ ክፍሎቹን በሦስት ይመድባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ በልጅነት የተጎዱት፣ ፍርሃትና ሐፍረት ተሸክመው ከዕይታ እንዲርቁ የተደረጉት ናቸው። ግዞተኞች ይላቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ግዞተኛው እንዳይወጣ ይጠብቃሉ። አንደኛው አስተዳዳሪ ነው፤ አደጋ ሳይመጣ ቀድሞ ይቆጣጠራል። እኛ አገር ይህን ክፍል ለማስተዋወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ይሉኝታ እንለዋለን። «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ቀሚስ የሚያስቀይር፣ ድግስ ላይ ያለ አቅም የሚያስደግስ፣ ስኒ ሲሰበር ከሰው ስድብ በፊት ቀድሞ የሚሳደብ እሱ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ እኔ ቀድሜ ካዋረድኳት ሌላ ሰው ሲያዋርዳት አይብሳትም። ሌላው እሳት አጥፊ ይባላል። ግዞተኛው አምልጦ ሲወጣ የሚደርስ ነው፤ በመጠጥ፣ በጫት፣ በስልክ፣ በቁጣ፣ አንዳንዴም በሞት ሐሳብ እሳቱን ያዳፍናል፤ ቤቱ ይፍረስ አይፍረስ ግድ የለውም። አባቶች «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት ይህን ክፍል ሳያውቁት አልቀሩም።

የዘዴው ያልተለመደ ጎን እዚህ ላይ ነው። ራሳችንን ስንወቅስ ብዙዎቻችን የምንሞክረው ያንን ድምፅ ዝም ማሰኘት ነው፤ በጎ በጎውን አስብ፣ ራስህን አትስደብ፣ ጠንክር እንላለን። ይህ ግን ሌላ ተቆጪ መቅጠር ነው። አሁን ስለተሳደበች የሚሰድባት ሦስተኛ ሰው ቤቱ ገባ። ዘዴው ግን ድምፁን ዝም ከማሰኘት ይልቅ ያደምጠዋል።

ሐዋሳ ተቀምጦ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ሌላ ሥርዓት ባያስታውስ ይገርማል። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ አፊኒ የሚባል ወግ አላቸው። ቃሉ በሲዳምኛ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይገባ ፍርድ የለም፤ ተናጋሪ እስኪጨርስ ይደመጣል፤ የሚፈለገውም ሀላሌ፣ ማለትም እውነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች የመዘገበው ፍቼ ጨምበላላም የተጣላ ሳይታረቅ ወደ አዲስ ዓመት አይሻገርም የሚባልበት በዓል ነው። ሶንጎና የቺካጎ ክሊኒክ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን የቴራፒስቱን ሥራ በአንድ ቃል ግለጽ ብባል አፊኒን የሚያህል ቃል አላገኝም። አጥፊ የተባለውም ተቀምጦ ይሰማል፤ ከሸንጎው አይባረርም።

አንድ ሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ በምሳሌ እንየው። ሰውየው የቢሮ ሠራተኛ ነው እንበል፤ ስብሰባ ላይ በተናገረ ቁጥር ማታ አልጋው ላይ «ምን ብዬ ነው የተናገርኩት» እያለ ያድራል። ቴራፒስቱ መጀመሪያ ያ ድምፅ የት እንደሚሰማው ይጠይቀዋል። ጉሮሮዬ ላይ፣ እንደ ክርን ይጫነኛል ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የሕክምናው ቁልፍ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ድምፅ ምን ይሰማሃል? «እጠላዋለሁ» ካለ፣ እየጠላ ያለው ሌላ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ለትንሽ ጊዜ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ በትሕትና ይለመናል። «እንዲህ የሚያደርገው ለምን ይሆን?» የሚል ጉጉት ሲመጣ ግን ተናጋሪው ተለውጧል። ሽዋርትዝ ይህን ተናጋሪ «ራስ» ይለዋል፤ እርጋታ፣ ርኅራኄና ድፍረት ያለው፣ በጉዳት የማይፈርስ እኔነት። ከዚያ ድምፁ ራሱ ይጠየቃል። ሥራህ ምንድን ነው? ብታቆም ምን ይመጣል ብለህ ትፈራለህ? በመጨረሻም ያቺ ብዙ ሰው የምታስለቅስ ጥያቄ፦ ይህ ሰው ዕድሜው ስንት ይመስልሃል? ብዙ ጊዜ መልሱ የልጅ ዕድሜ ነው። ጠባቂው ሰውየው ማደጉን አልሰማም።

ጠባቂው ሲፈቅድ ብቻ ወደ ግዞተኛው ይኬዳል። ግዞተኛው ልጅ ያየው ይደመጣል፤ ከተጎዳበት ቤት ወይም ጓሮ በምናብ እጁን ተይዞ ይወጣል፤ የተሸከመውን ሐፍረት እንደ ወንዝ፣ እሳት ወይም ነፋስ ለመሰለ ነገር ሰጥቶ ያራግፋል። ሸክም ማውረድ ይሉታል። የነርቭ ሳይንስ ለዚህ ያቀረበው አንድ መላምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደር፣ ግሌን ሻፌና ጆሴፍ ለዱ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የፍርሃት ትዝታ ሲቀሰቀስ ለአጭር ጊዜ እንደ እርጥብ ጭቃ ለለውጥ ክፍት ሆኖ ከዚያ እንደገና እንደሚደርቅ አሳይተዋል። ትዝታው በተነሳበት ሰዓት ሰውየው ርኅራኄ ካገኘ አዲሱ ስሜት አብሮ ይደርቃል ነው መላምቱ። ከአይጥ አእምሮ እስከ ሰው ልቅሶ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ማስረጃውስ? እዚህ ላይ መጽሐፎቹ ከጥናቶቹ ቀድመው ሮጠዋል። ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ነው፤ የሚገርመው የታተመው በመገጣጠሚያ ሕመም መጽሔት ላይ ነው። 79 የመገጣጠሚያ ብግነት ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለ9 ወር ይህን ሕክምና አገኙ፤ የቀሩት ስለ በሽታቸው ትምህርት ተሰጣቸው። ሕክምናውን ያገኙት ሕመማቸው ቀነሰ፤ ከዓመት በኋላም ድብርታቸው ቀለል ብሎ፣ ለራሳቸው ያላቸው ርኅራኄ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጭንቀታቸው ግን በዘላቂነት አልተቀየረም፤ በሽታው ራሱም በሐኪም ምርመራ አልተሻሻለም። በልጅነት ብዙ ጉዳት በደረሰባቸው 17 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ከዚያ በኋላ እጅግ የሚያበረታታ ውጤት አሳይቷል፤ ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ማነጻጸሪያ በሌለበት ሕክምናው አዳነው፣ ጊዜው አዳነው፣ ወይስ የሰው ጆሮ ማግኘቱ ብቻ፣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተስፋ ሰጪ ነው እንጂ ተረጋግጧል አይባልም። ያለ ዝግጅት ወደ ግዞተኛው የሚሮጥ ቴራፒስት ሰውን ሊያፈርስ፣ ያልሆነ ትዝታም ሊያስታውሰው እንደሚችል ተቺዎች ያስጠነቅቃሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጤ የሚናገር አለ ያለ ሰው ወደ ጠበል ወይም ወደ ዛር ቤት ሊወሰድ ይችላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ በመዘገበው የዛር ሥርዓት መንፈሱ ስሙ ይጠየቃል፤ ምን እንደሚፈልግም ይሰማል። መደማመጡ ከዚህ ዘዴ ጋር መምሰሉ እውነት ነው፤ መሠረቱ ግን ሌላ ነው። በዚህ ዘዴ ክፍሎቹ ከውጭ የመጡ አይደሉም፤ የሰውየው የራሱ ናቸው፤ የሚወጣም የለም። በሌላ በኩል ድምፁን በጆሮው ከውጭ እንደሚመጣ የሚሰማ፣ ድምፁ የሚያዘው ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከክፍል ጋር መነጋገር ሳይሆን ቶሎ የአእምሮ ሐኪም ማየት ይገባዋል። በኢትዮጵያ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት አገሩ በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነበር። ዛሬ ሐዋሳም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የሐኪሙ ቁጥር ግን ከሕዝቡ ጋር ሲተያይ አሁንም ጥቂት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ለወራት የሚጠይቅ ሕክምና ደግሞ ለብዙዎች ቅንጦት ይሆናል።

ቶናው ሲመጣ ልጅቷ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። አዛውንቱ «አሁንስ በረድሽ?» አሏት፤ ሳቅ አለች እንጂ አልመለሰችም። እኔ ደግሞ ማስታወሻዬን ይዤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለስድስተኛ ጊዜ እየሰረዝኩ ነበር። ጉሮሮዬ አካባቢ «ይኼ ጽሑፍ ነው? ይስቁብሃል» የሚል የማውቀው ድምፅ አለ። ለመሳደብ ቃጣኝና ተውኩት። ዕድሜዬ ስንት ይመስልሃል ብዬ ጠየቅኩት።

አራተኛ ክፍል ነህ አለኝ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመሃል፣ ጠመኔው እጅህ ላይ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ እየሳቀ ነው።